የአባቴ ዳዊት ሁለት ዓይን ነበረው

ፎቶ ቤት ስትከፍት ማንም የማይነግርህ ነገር አለ። የሚያበላህ ሙሽራ አይደለም፤ ሬሳ ነው። ደባርቅ ላይ ፎቶ ቤት በከፈትሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ኮምፒውተርና ስካነር ከጎንደር በሚኒባስ አስጭኜ ባመጣሁ ሰሞን፣ ያገሩ ሰው ሁሉ የሟቹን ፎቶ እየያዘ መጣብኝ። ምን ዓይነት ፎቶ መሰላችሁ? ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተላጠ፣ አውራ ጣት የማያህል፣ ግማሽ ፊቱን ማኅተም የዋጠው። «ለተዝካሩ ነውና አሳድግልን» ይላሉ። ደግ። «ማኅተሙን አውጣለት።» ይሁን። «ኮት አልብሰው፤ ከረባትም እሰርለት።» እሺ። «ዓይኑንም ትንሽ ግለጥለት፤ በሕይወቱ እንዲህ ጨፍኖ አያውቅም።» ኧረ በስመ አብ! አልዓዛርን ከመቃብር የጠራሁት እኔ መሰልኋችሁ?

ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ይሄን ደባርቅ በሙሉ ያውቃል። «ቁጡው ጋ እንሂድ ወይስ ሌላው ጋ?» ተባብለው ነው የሚመጡት። ሌላው ስካነር ስላልነበረው እኔ ጋ ይመጣሉ፣ እቆጣለሁ፣ እሠራላቸዋለሁ፣ ይመርቁኛል። ኑሯችን እንዲህ ነበር።

ከደንበኞቼ ሁሉ የከፋችው ግን እናቴ ናት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከዳባት መጣችና ገና ሳትቀመጥ ከጉያዋ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ምን እንደሆነ ሳትፈታው አውቄዋለሁ። ዳባት ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ተሰቅሎ ያደግሁበት የአባቴ ፎቶ ነው።

መዳፍ የሚያህል፣ አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነበር። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከአንገቱ የቆዳ ማንገቻ ወርዶ፣ ደረቱ ላይ ቆዳ የለበሰ ነገር በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውስጡ ያያል። ከኋላው ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ማንም ቢያየው የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ዳዊቱን ከነማኅደሩ አንግቶ፣ በመቅደስ መጋረጃ ፊት አጎንብሶ የሚደግም ሰው። እኔም ልጅነቴን ሙሉ ያየሁት እሱኑ ነው። ጸሎት ስሰንፍ እናቴ በጣቷ ወደ ግድግዳው እየጠቆመች «ተመልከት አባትህን! ፎቶ ሲያነሱት እንኳ ቀና አላለም!» ትለኝ ነበር።

አባቴ የወባ መድኃኒት ረጪ ነበር። ኑሮው አዲ አርቃይ ቆላ ውስጥ፣ ቤቱ ዳባት። በየጥቂት ወሩ ሊማሊሞን ወጥቶ ይመጣና ጥቂት ሰንብቶ ይመለሳል። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያባርራት የኖራት ወባ ራሷ ገደለችው። ለአርባው ልብሱን ለድሃ ሊሰጡ ሲፈትሹ ከኮቱ ኪስ ያ ፎቶ ተገኘ።

እናቴ ዳዊቱን በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር። ባሏ ግን ሁልጊዜ «የአባቴ ዳዊት አለኝ፤ ቆላም ስወርድ አይለየኝም» ይላት ነበር። አሁን ፎቶው ወጣ፤ ዳዊቱ ግን የለም። ታዲያ የት ገባ? አባቴ ታሞ ከቆላ ሲመጣ ደባርቅ ላይ ከመኪና ያወረደው፣ ሁለት ቀን ቤቱ ያስተኛውና ዳባት ድረስ ያመጣው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ለኔ አጎቴ፣ ለናቴ ዋርሳዋ። ሻንጣውን የያዘው እሱ ነው።

«ዳዊቱስ?» አለችው።

«የቱ ዳዊት?» አላት።

«የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!» አለች እናቴ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጠብ በዚህች ቃል ተጀመረ።

ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተቀመጠ። በሦስቱም ፎቶው እንደ ምስክር ቀረበ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደብተራ ነበሩ። በሁለተኛው ጉባኤ ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠግተው ሲመረምሩ ማኅደሩ ላይ ጥቃቅን ጽሕፈት አገኙ። ግእዝ አይደለም፣ ዐረብኛም አይደለም። ደብተራው ፎቶውን በቀስታ አስቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉና «ይህ ህቡእ ስም ነው፤ ተራ ዳዊት አይደለም» አሉ። በቃ! ከዚያን ቀን ጀምሮ የጠፋው ዳዊት በየዓመቱ ኃይሉ እየጨመረ ሄደ። መጀመሪያ ዓይነ ጥላ የሚገፍ ሆነ፤ ቀጥሎ መካን የሚያስወልድ። እኔ አሥረኛ ክፍል ስደርስ በረዶ ከዳባት ማሳ ላይ የሚመልስ ሆኖ ነበር።

አጎቴ መስቀል ይዞ ማለ። «የወንድሜን ዳዊት ወስጄ ከሆነ መሬት ትዋጠኝ» አለ። መሬት አልዋጠችውም። ግን መሬትንና ፎቶን ምን አገናኘው? ፎቶ አይዋሽም ተባለ። እሱም ከመሐላው ሌላ አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም፤ ዝም ማለቱን ሁላችንም የሌባ ዝምታ ነው አልን። ደባርቅ ላይ ስሙ «የዳዊት ሌባ» ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ቀልደኞች መጽሐፋቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እየሸጎጡ «ያዝ፣ ያዝ፣ መጣ!» ይባባሉ ነበር። እኔም እዚያው ከተማ፣ እዚያው መንገድ ላይ ሱቅ ከፍቼ፣ የአባቴ ወንድም በበሬ ሲያልፍ ፊቴን አዞር ነበር። አላሳምረውም፤ ጠልቼዋለሁ። ስታመም ያልተደገመልኝን ዳዊት፣ ያለ አባት ያደግሁበትን ጊዜ፣ ሁሉን በሱ ላይ ነው የጫንሁት።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ እናቴ የመጣችው ለዚሁ ነው። አጎቴ ታሟል፤ የሚነሣ አይመስልም። ሳይሞት መቁረብ ፈልጎ የነፍስ አባቱን ለመነ። የነፍስ አባቱ ግን «መጀመሪያ ከወንድምህ ሚስት ታረቅ፤ ቂም ይዘህ አላቈርብህም» አሉት። ሽማግሌ ወደ እናቴ ላከ። እናቴ «ዳዊቱን ይመልስና ይቍረብ» አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ላለው እሑድ ቀጠሮ ተያዘ።

«ዓይኑ ደክሟል ይላሉ፤ ፎቶው አይታየኝም እንዳይል ብዬ ነው» አለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች። «መስኮት አሳክለህ አሳድግልኝ። መስኮት የሚያህል ዳዊት አላይም ይበልና እናያለን!»

«እማዬ፣ ሰውየው ሊሞት ነው እኮ።»

«ይሙት፤ ማን ከለከለው? ዳዊቱን አስቀምጦ ይሙት!»

ስካነሩ ላይ አስቀመጥሁት። እሷ ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ ላይ ምስሉን ማጉላት ጀመርሁ። የአባቴ ግንባር መጣ፤ እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። ጣቶቹ መጡ። «አያያዙን ተመልከት! እንዴት እንደሳሳለት!» አለች። ከጣቶቹ መካከል ማኅደሩ መጣ። ልጅ ሆነን የማኅደሩ ቁልፎች ናቸው የምንላቸው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች የተደረደሩ ሁለት ክቦች ነበሩበት። ሲጎሉ ዙሪያቸው ጥርስ ጥርስ አወጣ። ጨመር አደረግሁት። መካከላቸው መስታወት ሆነ። የላይኛው መስታወት ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ መስኮት ታበራለች።

ዳዊት ውስጥ መስኮት አይታይም።

ዓይኔን ወደ ላይ ሳነሣ ማኅደሩ ክዳን አለው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። አባቴ ድስት ገልጦ እንደሚያይ ሰው ወደዚያ ነው ያጎነበሰው። እንጀራዬ ካሜራ ነው፤ ግን የማውቃቸው ካሜራዎች ሁሉ ዓይን ላይ የሚደገኑ ናቸው። እንዲህ ከላይ ተጎንብሶ የሚታይ፣ ሁለት ዓይን ያለው ነገር አይቼ አላውቅም። ቢሆንም መስታወት መስታወት ነው።

«እማዬ» አልኋት፣ «ይሄ ዳዊት አይመስለኝም።»

«ምን?»

«ካሜራ ይመስለኛል።»

ዞር ብላ ከላይ እስከታች አየችኝ። «አንተ ከካሜራ ጋር ስትውል ሁሉ ካሜራ መሰለህ! ነገ ደግሞ እኔን ካሜራ ነሽ በለኝ።»

«ይኸው መስታወቱ እኮ...»

«አሳድግ ነው ያልሁህ፤ መርምር አላልሁህም!» ብላ ተነሥታ ወጣች። ከበሩ ተመልሳ «አባትህን ካሜራ አንጠልጣይ ልታደርገው!» አለችና ሄደች።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ካሜራ ከሆነ አጎቴ ያልወሰደውን ነገር ነው ሃያ ዓመት ሙሉ ስናስከፍለው የኖርነው። ካሜራ ካልሆነ ደግሞ የእናቴን ፍርድ ላበላሽ ነው። የደብተራውን ህቡእ ስም እንዳቅሜ አጎላሁት። ከፊሉ እንግሊዝኛ ይመስላል፣ ከፊሉ የትም አገር የሌለ ፊደል ነው፤ ሁሉም ፊቱን አዙሯል። ቱሪስት ለሚያጅብ አንድ ጎረቤቴ ባሳየው «ግሪክ ነው» አለኝ። እስኪ አንብበው ብለው «ግሪክ መሆኑን ነው እንጂ ማንበቡን አላውቅም» አለኝ። ይሄ አያናድድም ትላላችሁ?

በመጨረሻ ትዝ ያሉኝ ዳባት ያስተማሩኝ የኬሚስትሪ መምህሬ ናቸው። በደርግ ጊዜ ሩሲያ ተልከው የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ስናስቸግራቸው በሩሲያኛ ነው የሚሳደቡት። ጡረታ ወጥተዋል። ምስሉን በወረቀት አትሜ ዳባት ቤታቸው ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ አዩት። ከዚያ ምን አደረጉ? ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው በኩል መስኮቱ ላይ ለጠፉት። ብርሃኑ ወረቀቱን አልፎ ሲመጣ ፊደሉ ተስተካከለ።

«ሉ-ቢ-ቴል» ብለው አነበቡ። ከዚያ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ምንድነው እሱ፣ መምህር?»

«ካሜራ ነዋ! የሩሲያ ካሜራ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነበረችው። በላይኛው ዓይኗ ታያለህ፣ በታችኛው ታነሣለህ። የምታየው ከላይ ስለሆነ ሳታጎነብስ ማንሣት አይቻልም። ጓደኛችንን 'ሰጋጁ' ነበር የምንለው።» እንደገና ሳቁ።

«ፊደሉ ለምን ተገለበጠ?»

ያን ጊዜ መሳቃቸውን ትተው በድሮ የክፍል ዓይናቸው አዩኝ። «ፎቶ ቤት አለኝ ትላለህ አይደል? ኮቱን ተመልከት። የወንድ ኮት በየት በኩል ነው የሚቆለፈው?»

አየሁ። የአባቴ ኮት እንደ ሴት ኮት ነው የተቆለፈው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ፎቶ! ያላዩበት ዓይን ግንባር ነው የሚሉት እውነት ነው። ፎቶው የተነሣው መስታወት ፊት ነው። አባቴን ያነሣው ሌላ ሰው አይደለም፤ አባቴ ራሱ ነው፣ እዚያው ደረቱ ላይ በያዛት ካሜራ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ የተቀመጠባት ዕቃ፣ ለካ ፎቶውን ያነሣችው እሷው ራሷ ኖራለች።

«መቅደሱስ?» አልሁ። ምን ያደርጋል፣ የእናቴ ልጅ ነኝ።

መምህሬ በጣታቸው ከነጩ ጨርቅ ጫፍ ላይ ምስማር አሳዩኝ። ምስማሩ ላይ መቀስና ማበጠሪያ ተንጠልጥሏል። ሃያ ዓመት የመቅደስ መጋረጃ ያልነው፣ ጸጉር ቆራጭ አንገት ላይ የሚያስረው አንሶላ ነበር።

ከዚያ በእግሬ ወደ እናቴ ቤት ሄድሁ። አስቀምጬ ሁሉን ነገርኋት፤ መስታወቱን፣ ኮቱን፣ መቀሱን። ትቆጣለች ብዬ በሩን ከፍቼ ነው የተቀመጥሁት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ጽሕፈቱ ምን ይላል አልህ?»

«ሉቢቴል። በሩሲያኛ አፍቃሪ እንደማለት ነው አሉ።»

«ማንን?»

«እ?»

«ማንን ነው የሚያፈቅረው?»

«ኧረ እማዬ! የካሜራው ስም ነው።»

«ደረቱ ላይ አፍቃሪ ብሎ ጽፎ ቆላ ለቆላ ሲዞር፣ እኔ እዚህ ጾም ሳድርለት!» ብላ ጉልበቷን መታች። ሳቄን ለመዋጥ ወደ ጣሪያው አየሁ። ዓይኔን ስመልስ እናቴ እያለቀሰች ነበር።

«ዳዊትም አልነበረው» አለች። «ሊያገባኝ ሲል ነው ያወራው። ወንድ ምን የማይለው አለ! እኔ ደግሞ ይህን ወሬ ይዤ የሰው ልጅ ሌባ አልሁ። ሠርግ ላይ ብዬዋለሁ። ለቅሶ ላይ ብዬዋለሁ። የጥምቀት ዕለት ታቦት እያለፈ ብዬዋለሁ።» ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የምትመልሰው አልነበረም። እሷን እንዲህ ተሸንፋ አይቻት አላውቅም ነበር፤ አሳዘነችኝ።

እሑድ ዕለት ልወስዳት ዳባት ስሄድ ከበሯ ላይ ድንጋይ ይዛ ቆማለች። ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ይህ ደንባችን ነው። ግን ደባርቅ ደርሶ ከደጃፉ አንስቶ ነው እንጂ ከዳባት በሚኒባስ ጭኖ የሄደ አልሰማሁም። ድንጋዩም የዋዛ አልነበረም፤ ጥሩ የወፍጮ መጅ ይወጣዋል።

ረዳቱ «እማማ፣ ደባርቅ ድንጋይ አለ እኮ፤ እንዲያውም ሌላ ምን አለ!» አላት።

«የራሴን ኃጢአት በሰው አገር ድንጋይ አልሸከምም» አለችውና ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተጓዘች። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከጎኗ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች እግራቸውን ይሰበስባሉ።

አጎቴ ቤት ስንደርስ መደቡ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ከስቷል፤ ያ ሰፊ ትከሻ የለም። የነፍስ አባቱና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ እኒያው ደብተራ ናቸው። እናቴ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ አድርጋ ከመደቡ ሥር ወደቀች። እኔ ጎንደር ልኬ መስኮት አሳክዬ ያሳተምሁትን ፎቶ ዘርግቼ ሁሉን አስረዳሁ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ያዙ። ደብተራው ግን አልተረቱም። «ህቡእ መሆኑን ተናግሬ ነበር» አሉ። «ገልብጦ መጻፍም ያው መሰወር ነው።»

አጎቴ ፎቶውን ብዙ አየ። የወንድሙን ግንባር በጣቱ ነካ። ከዚያ «ተነሺ፣ እትዬ» አለ። «አውርጂው ድንጋዩን። እኔ አልተቀየምሁም። እግዜር ይቅር ይበለን።»

እልልታ ሆነ፤ ተላቀሱ፤ ተሳሳሙ። የነፍስ አባቱ ባርከው፣ ለሚመጣው እሑድ ቍርባን ቀጠሩለት። ሽማግሌዎቹና እናቴ ጠላ ሊቀምሱ ወደ ደጅ ሲወጡ አጎቴ ክንዴን ያዘኝ።

«አንተ ቆይ» አለኝ። «ከመደቡ ሥር ያለችውን ሣጥን አውጣት።»

አወጣሁ። ከፈትሁ። ቆዳ የለበሰች፣ ማንገቻ ያላት፣ ሁለት ዓይን ያላት ካሜራ ተቀምጣለች።

«ያንተ ናት» አለ። «አባትህ፣ ልጄ ሲያድግ ስጥልኝ ብሎ ነው የሰጠኝ።»

«አጎቴ... ካሜራ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ገና ሽማግሌ ፊት ፎቶውን ሲያወጡት አወቅኋት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ካሜራ ነው ቢሉ ኖሮ እኮ ያን ቀን ነገሩ አልቆ ነበር!» ቁጣዬ መጣ። በሽተኛ ላይ ጮኽሁ።

ጋቢውን ወደ አገጩ ሳበ። «ካሜራ ነው ብል፣ ዳዊቱስ? ይሉኛል። ዳዊትማ ነበረው፣ ልጄ። የአባታችን ዳዊት፤ ብራና። ገና እናትህን ሳያገባ፣ አዲ አርቃይ ላይ አንድ ፈረንጅ አየበትና በዚች ለወጠው። ታሞ ሲመጣ ነው የነገረኝ፤ አብጄ ነበር ወንድሜ፣ ለእሷ እንዳትነግራት ብሎ አለቀሰ። እኔ ይህን ብናገር አባትህ ምን ሊባል ነው? የአባቱን ዳዊት ለፈረንጅ የለወጠ። አንተስ? የዳዊት ሻጭ ልጅ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ሌባ ቢሉኝ ስሙ ከኔው ጋር ይቀበራል። መሐላዬንም አልበላሁም፤ ዳዊት አልወሰድሁም ነው ያልሁት።»

ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። «ሱቅህን የከፈትህ ሰሞን በጋቢዬ ይዤልህ መጥቼ ነበር። ገና ከበሩ ፊልም አልቋል አልኸኝ።»

ፊልም አላለቀም ነበር። ያን ሰሞን አንድ ካርቶን ሙሉ አምጥቼ ነበር። ጉልበቱን ስሜ፣ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንዲህ ያፍራል፤ እኔ ያፈርሁት ያን ጊዜ ነው።

ይህን ጊዜ እናቴ ጠላ በጣሳ ይዛ ገባች። ጭኔ ላይ ያለውን አየች። የተዘረጋውን ፎቶ አየች። እንደገና ጭኔን አየች።

«ይቺ... ይቺ አይደለችም? ከየት መጣች?»

አፌን ከፈትሁ። አጎቴ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ የወሰድኋት፣ እትዬ» አለ። «ያኔ ታሞ ሲመጣ ከሻንጣው አወጣኋት። አማረችኝ። ይቅር በዪኝ።»

የእናቴ ፊት ቀስ በቀስ በራ። አምላክ ምስክሬ ነው፣ አሥር ዓመት ወደ ወጣትነቷ ተመለሰች።

«አላልሁም!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌዎቹ ምን መጣ ብለው ተሯሩጠው ገቡ። «ሌባ ነው አላልሁም? ዕቃውን ነው እንጂ የሳትሁት፣ ሰውየውንማ መች ስቼ! በሉ፣ ማነው አሁን ድንጋይ ተሸካሚው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ ራሱ እያሳለ ሳቀ። እናቴ ያን የዳባት ድንጋይ ብድግ አድርጋ ትከሻው ላይ አሳረፈችው፤ ግን አለቀቀችውም፤ ክብደቱን በሁለት እጇ ይዛለት ነበር። «ይማርህ» አለችው። «እኔም ብዙ ብያለሁ። ይማርህ፣ ወንድሜ።» ሃያ ዓመት ሊሞላ ሲል ወንድሜ አለችው።

በሚመጣው እሑድ ቈረበ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። በቀብሩ ከእናቴ በላይ ያለቀሰ አልነበረም፤ «ሌባም ቢሆን ደግ ሌባ ነበር» እያለች ለለቀስተኛው ሁሉ ተናገረች፤ እስክትሞትም ድረስ እንዲሁ ስትል ኖረች። አሁን ሁለቱም የሉምና ይህን መጻፍ ቻልሁ። እሷ ያን ቀን ከደጅ ስትገባ፣ አጎቴ በጋቢው ጫፍ ሥር እጄን ጨብጦ ዝም እንድል ለምኖኝ ነበር። እውነት ነው፤ ለምኖኛል። ልጅ ሆኜ ሌባ ያልሁት ሳላውቅ ነው። ያን ቀን ግን እያወቅሁ፣ ሁሉም ሌባ ብሎ ሲስቅበት፣ አብሬ ሳቅሁ።